የአስፋልት ሯጭ ለኬፕ ታውን የተራራ ሩጫ እንዴት ይዘጋጅ?

እንቁጣጣሽ አልፎ ሳምንት ሳይሞላ ስልኬ ላይ መልእክት መግባት ይጀምራል። «ማራቶን ሮጫለሁ፤ እናንተ ጋ ያለችውን የተራራ ሩጫ እችላታለሁ?» ትችላላችሁ። ግን መስከረም ላይ ከጠየቃችሁኝ ለዘንድሮ አልቋል፤ ለሚቀጥለው ዓመት እናውራ። አንድ በአንድ ስመልስ ጣቴ ስለዛለ ሁሉንም እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

የምናወራው ስለ አልትራ ትሬይል ኬፕ ታውን ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በየዓመቱ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጨረሻ ገደማ ይካሄዳል። ከአጫጭር ርቀቶች እስከ 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ምርጫ አለው። መንገዱ እንደየርቀቱ ይለያያል፤ ዋናው ግን ከከተማዋ በላይ ያለው፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው ቴብል ማውንቴን የሚባለው ተራራ ነው። ረጃጅሞቹ ርቀቶች በተራራው ጀርባ ዞረው ባሕር ዳር እስካሉት ላንዱድኖና ሃውት ቤይ ድረስ ወርደው፣ የአትላንቲክን ውሃ አይተው፣ እንደገና ሽቅብ ይመለሳሉ።

የቴብል ማውንቴን ከፍታ 1,086 ሜትር ነው። አውቃለሁ፣ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔም ስቄ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ከባሕር ወለል ተነስታችሁ እያንዳንዷን ሜትር በእግራችሁ መውጣታችሁ፣ ከዚያ መውረዳችሁ፣ ከዚያ ሌላውን ተራራ መጀመራችሁ ነው። በ100 ኪሎ ሜትሩ ላይ የዳገቱ ድምር ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ሩጫውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። ስንት ሰዓት እግራችሁ ላይ መቆየት ትችላላችሁ? ቁልቁለት ሲመጣስ ጭናችሁ ምን ያህል ይታገሳል? ከታች ያለው ምክር ሁሉ የሚመጣው ከነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አዘጋጆቹ በየዓመቱ የግዴታ ዕቃ ዝርዝር ያወጣሉ። የዓመቱን ዝርዝር አውጥታችሁ ከዚህ ጋር አመሳክሩ፤ ቢለያዩ የሚሠራው የነሱ ነው። አንድ ዕቃ ጎድሎ ከተገኘ ቅጣት ወይም ከውድድር መውጣት ሊያመጣ ይችላል።

- የትሬይል ጫማ፣ ማለትም ለተራራና ለጥርጊያ መንገድ የተሠራ። ሶሉ ላይ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው፣ ከአስፋልት ጫማችሁ በግማሽ ቁጥር የሚበልጥ። እግር ከብዙ ሰዓት በኋላ ያብጣል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር ይጋጫል። ጥፍራችሁ የሚጠቁረው በዚህ ነው።
- የሩጫ ቬስት፣ ማለትም ውሃና ዕቃ የሚያዝበት ባለኪስ ሰደርያ። ደረት ላይ ጥብቅ የሚል፣ ስትሮጡ የማይዘል።
- ቢያንስ 1.5 ሊትር የሚይዝ የውሃ ዕቃ። ሁለት ለስላሳ ጠርሙስና አንድ መጠባበቂያ ቢሆን ጥሩ ነው።
- ኮፍያ ያለው፣ ውሃ የማያስገባ ጃኬት። ነፋስ ብቻ የሚከላከለው ስስ ጃኬት ይህን አይተካም።
- ረጅም እጅጌ ያለው ሙቅ ልብስ። ጥጥ አይሁን፤ ጥጥ ላብ ይዞ ያቀዘቅዛል።
- የራስ ባትሪ ከመለዋወጫ ባትሪ ጋር። ግንባር ላይ የሚታሰረው ማለቴ ነው።
- የብር ቀለም ያለው የድንገተኛ ብርድ ልብስ። ታጥፎ መዳፍ ያክላል፤ የሰውነትን ሙቀት መልሶ ይይዛል።
- ፊሽካ። ጉም ውስጥ ስትወድቁ ድምፅ ያልቃል፣ ፊሽካ አያልቅም።
- ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክ፣ የአካባቢው ሲም ካርድ የገባበት፣ የመንገዱ ካርታ ከኢንተርኔት ውጭ እንዲሠራ የተጫነበት።
- የሚለጠጥ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ቫዝሊን።
- የራሳችሁ ኩባያ። መንገድ ላይ ውሃና ምግብ የሚሰጥበት ጣቢያ ላይ የሚጣል ኩባያ አትጠብቁ።
- የፀሐይ ኮፍያና የፀሐይ ቅባት።
- ዱላ፣ ማለትም የሚታጠፈው የተራራ ምርኩዝ። ግዴታ ባይሆንም ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ለምትሮጡ እመክራለሁ። ደንቡ የሚፈቅድ መሆኑን አረጋግጡ።

አሠራሩ

1. ርቀቱን ዳገቱን ጨምራችሁ አስሉ

«35 ኪሎ ሜትር? ከማራቶን ታንሳለች!» የሚለው ሰው ነው መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ የማገኘው። የተራራ ሯጮች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። ጠቅላላ ዳገቱን በሜትር ወስዳችሁ ለ100 አካፍሉና ኪሎ ሜትሩ ላይ ደምሩት። ለምሳሌ 35 ኪሎ ሜትሩ 2,000 ሜትር ዳገት ቢኖረው፣ 2,000 ለ100 ሲካፈል 20 ነው፤ 35 ሲደመርበት 55። ሰውነታችሁ የሚሠራው ሜዳ ላይ 55 ኪሎ ሜትር እንደመሮጥ ያለ ሥራ ነው ማለት ነው።

ማራቶን ብቻ ለሮጠ ሰው ድምሩ ከ60 ያልበለጠውን ርቀት እመክራለሁ። ማራቶንን 4 ሰዓት ገደማ የምትጨርሱ ከሆነ፣ ከዚህ ድምር ውስጥ በሰዓት 6 ወይም 7 ብትሸፍኑ ጥሩ ሄዳችኋል። 55ቱን ለ6.5 ስናካፍል ስምንት ሰዓት ተኩል ይመጣል። ይህን ቁጥር ጻፉት። ልምምዱም ምግቡም ውሃውም የሚሰላው በሱ ነው።

2. ወረቀቱን ቀድማችሁ ጨርሱ

ምዝገባው ከውድድሩ ብዙ ወራት ቀድሞ ስለሚከፈት ገጻቸውን ከፈረንጆቹ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ተከታተሉ። ለረጃጅሞቹ ርቀቶች ከዚህ በፊት የጨረሳችሁትን የተራራ ውድድር ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የደቡብ አፍሪካ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ቪዛ ደግሞ ከልምምድ በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ እንዳትሉ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱንም አትርሱ። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ለበረራ ሦስት ቀን ሲቀር መከተብ ዋጋ የለውም።

ሐኪም ጋም አንዴ ሂዱ። ደም ግፊት፣ ልብ፣ ስኳር፣ አስም ካለባችሁ ይህ ልምምድ ሳይጀመር መታወቅ አለበት።

3. 20 ሳምንት ያዙ፣ ልምምዱንም በሰዓት ቁጠሩ

ከኅዳር አጋማሽ 20 ሳምንት ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ሰኔ መጨረሻ ላይ ትደርሳላችሁ። አዎ፣ ክረምት ነው። ጭቃው አያስጠላችሁ፤ የሚያንሸራትት መሬት ላይ ቁርጭምጭሚታችሁ የሚጠነክረው ያኔ ነው። መብረቅ ሲጀምር ግን እንጦጦ ጫፍ ላይ አትገኙ። ጎህ ሳይቀድ ብቻችሁን ጫካ አትግቡ። ጅቡም አለ፣ ሌባውም አለ።

በሳምንት አራት ቀን ይበቃል።

ማክሰኞ፦ ዳገት። መጀመሪያ 15 ደቂቃ አሙቁ፤ ከዚያ ለሦስት ደቂቃ ጠንከር ብላችሁ ውጡ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። በአምስት ጀምራችሁ እስከ ስምንት ጊዜ ድገሙት።

ሐሙስ፦ እያወራችሁ መሮጥ የምትችሉበት አንድ ሰዓት። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

ቅዳሜ፦ ረጅሙ። ተራራ ላይ፣ ቬስት ይዛችሁ። በሁለት ሰዓት ሩጫ ጀምሩና በየሳምንቱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጨምሩ። በየአራተኛው ሳምንት ግን ቀንሱ፤ ጅማትና አጥንት ከሳንባ ዘግይተው ነው የሚለምዱት፣ ጉዳት የሚመጣውም ትንፋሻችሁ በርትቶ ጉልበታችሁ ገና ሳይደርስበት ነው። ከውድድሩ አራት ሳምንት ሲቀር አንድ ጊዜ ስድስት ሰዓት ቆዩ።

እሑድ፦ የቅዳሜው ድካም ሳይወጣ አንድ ሰዓት ተኩል። የውድድሩን ሁለተኛ አጋማሽ የምትለማመዱበት መንገድ ይህ ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንት ተኩል ቀንሱ። መጀመሪያ በሦስተኛ፣ ከዚያ በግማሽ፣ ከዚያ አጫጭር ብቻ። ሰዎች እዚህ ላይ ፍርሃት ይይዛቸውና ያመለጣቸውን ልምምድ ሊያካክሱ ይነሳሉ። አይካካስም። በዚያ ሳምንት የምትሮጡት ሩጫ ድካም እንጂ ብርታት ሆኖ አይደርስላችሁም፤ ሰውነት ለመጠገን ጊዜ ይፈልጋል።

4. መውረድ ተለማመዱ

ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ። ዳገት ሲያደክማችሁ ትንፋሽ ነው የሚቆረጠው፤ ቆማችሁ ትወስዱታላችሁ። ቁልቁለት ሲያደክማችሁ ግን ጭናችሁ ነው የሚሄደው፣ እሱ ደግሞ በዚያ ቀን አይመለስም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ስትወርዱ የጭናችሁ የፊት ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነታችሁን ክብደት ይይዛል። እየተለጠጡ ክብደት መያዝ የጡንቻውን ክሮች በጥቂት በጥቂቱ ይጎዳል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅታችሁ ለዚህ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ አንዴ በደንብ ከወረዳችሁና ካገገማችሁ ጡንቻው ይማራል፤ ለጥቂት ሳምንታት ያህል ያው ቁልቁለት የሚያደርስበት ጉዳት በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ የመጨረሻውን ከባድ ቁልቁለት ከውድድሩ ሦስት ወይም ሁለት ሳምንት በፊት አድርጉት። ከዚያ ወዲህ ከሆነ ቁስሉን ይዛችሁ ትነሳላችሁ።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለውን አውቶቡስ ይዛችሁ ወጥታችሁ በእግር መውረድ ትችላላችሁ። አስፋልት ስለሆነ ግን ጉልበት ይመታል፤ ጀማሪ ከሆናችሁ ከባሕር ዛፉ መሃል ያለውን፣ እናቶች እንጨት ተሸክመው የሚወርዱበትን የእግር መንገድ ምረጡ። እነሱ እንዴት እንደሚወርዱ ደግሞ እዩ። አጭር እርምጃ፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ፣ ዓይን ወደ ፊት፣ እግር ከሰውነት በታች የሚያርፍ። ማንም አሠልጣኝ ከዚህ የተሻለ አላሳየኝም።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ወደ ኋላ አትደገፉ፤ ከተደገፋችሁ ተረከዛችሁ ቀድሞ ይመታል፣ ፍሬን መያዝ ይሆናል፣ ጭናችሁም ቶሎ ያልቃል። እርምጃውን አሳጥራችሁ አፍጥኑ። እግራችሁን አትዩ፤ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ፊት ለፊት ያለውን ድንጋይ እዩ፣ እግሩ ራሱ ያገኘዋል። እጃችሁን ለሚዛን ክፈቱት፤ ዶሮ ብትመስሉም ሼም የለውም።

5. ዳገት ላይ መራመድ ተለማመዱ

ፕላተክሊፕ ጎርጅ የሚባለው የቴብል ማውንቴን መውጫ ከመንገዱ ዳር ጀምሮ 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ ነው። ማንም ተራ ሯጭ አይሮጠውም። ፍጥነታችሁ ከተራማጅ ጋር እኩል ሆኖ ልባችሁ ግን ከሱ በላይ የሚመታ ከሆነ መሮጡ ትርፉ ድካም ብቻ ነው። ስለዚህ መራመዱን ራሱን እንደ ሙያ ያዙት። እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ግፉ፣ ወይም ዱላውን ተጠቀሙ።

ደረጃ የት ታገኛላችሁ? ኮንዶሚኒየም። ባለአራት ፎቁን ብሎክ 20 ጊዜ ውጡና ውረዱ፣ ውሃ ተሸክማችሁ። ጎረቤት መጀመሪያ ያፈጣል፣ በሁለተኛው ሳምንት ስም ያወጣላችኋል፣ በሦስተኛው ይለምዳል።

ዱላ የምትይዙ ከሆነ ከሁለት ወር በፊት ጀምሩ። ክንድና ትከሻ ካልለመደ ከእግር ቀድሞ ይዝላል። ሰው በተጠጋጋበት ቦታ ደግሞ ጫፉን ወደ ፊት አድርጋችሁ ያዙ፤ ከኋላችሁ ያለው ሰው ዓይን አለው።

6. ሆዳችሁን አለማምዱ

ማራቶን ላይ በአንድ ጄል (በትንሽ ከረጢት የሚመጣ ወፍራም የስኳር ፈሳሽ) እና በውሃ መጨረስ ይቻላል። ስምንት ሰዓት ግን አይቻልም። ሰውነት የሚያጠራቅመው ስኳር ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ጠንካራ ሥራ ነው የሚበቃው። ከዚያ በኋላ የበላችሁትን ነው የምትሮጡት።

በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ግቡ ይሁን። አንድ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ገደማ አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ገደማ። አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ 40 ግራም ቢመዝን፣ ወደ 30 ግራም ይሰጣል። በሶ በማር ተበጥብጦ ለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ቢገባ ድንቅ የተራራ ምግብ ነው። ግን ሁለት ነገር አለ። በደቃቅ ወንፊት ንፉት፣ አለበለዚያ ጠርሙሱን ይዘጋዋል። ደግሞም ገብስ አሰር ስላለው ሆድ ሊያስቸኩል ይችላል፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሰዓታት በኋላ ወደ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች በጨው፣ ቴምር ወይም ጄል ዙሩ። ቆሎ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ዳገት ላይ አፍ ደርቆ ቆሎ የሚታኘክ አይደለም፣ ትን ይላል።

በየ30 ደቂቃው ቅመሱ፣ ሳይርባችሁ። ስልካችሁን ወይም ሰዓታችሁን በደወል ሙሉት። ስትለፉ ደም ወደ እግር ስለሚሄድ ሆድ ሥራውን ይቀንሳል፤ አንዴ ከዘገያችሁ በኋላ የምትጨምሩት ምግብ ተመልሶ ይወጣል። ይህን የሚያለማምደው የቅዳሜው ሩጫ ነው። በቅዳሜ ያልበላችሁትን ነገር በውድድር ቀን አትንኩ፤ ጣቢያው ላይ ያለው ኬክ ምንም ቢያምር።

የምትጾሙ ሰዎች ደግሞ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ፦ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ውድድሩ አንዳንድ ዓመት ጾሙ ላይ ይወድቃል፣ አንዳንድ ዓመት ዋዜማው ላይ። ሙዝ፣ ድንች፣ ብርቱካን፣ ኮላ ሁሉም የጾም ናቸው፣ ችግር የለም። ጄሎቹን ጀርባቸውን አንብቡ። ከሩጫ በኋላ የሚሰጡ የፕሮቲን መጠጦች ግን ብዙዎቹ ወተት አለባቸው። ከጠዋት ጀምሮ አለመብላትን በሚመለከት፣ ቀድማችሁ ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ምግብና ውሃ ሳይቀምሱ ይህን ሩጫ መሮጥ አደገኛ ነው፤ ካልፈቀዱላችሁ ሌላ ውድድር ምረጡ።

ውሃ፦ ለብዙ ሰው በሰዓት ከ400 እስከ 800 ሚሊ ሊትር መሃል ይበቃል። እንደ ሙቀቱና እንደ ላባችሁ ይለያያል። ለማወቅ አንድ ሰዓት ከመሮጣችሁ በፊትና በኋላ ተመዘኑ፤ አንድ ኪሎ ከቀነሳችሁ አንድ ሊትር ያህል አልቧችኋል። ሁሉንም መተካት የለባችሁም። ሲጠማችሁ ጠጡ፣ ጨውም ጨምሩ።

7. ሁሉንም ለብሳችሁ አንድ ጊዜ ፈትኑ

ከአራት ሳምንት በፊት የምታደርጉት የስድስት ሰዓቱ ሩጫ ላይ ሙሉ ዕቃውን ያዙ። ጃኬቱን ጭምር። ቬስት ባዶውን ሲሆንና ሁለት ሊትር ሲይዝ ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው። የት እንደሚፍቅ ያኔ ታያላችሁ፤ ብብት፣ አንገት፣ ጭን መሃል። በውድድሩ ቀን ቫዝሊን የሚቀባው እዚያ ነው። የራስ ባትሪውንም ማታ አውጥታችሁ ሞክሩት። ጫማ አዲስ ገዝታችሁ በቀጥታ ለውድድር የምታወጡ ሰዎች፣ እግራችሁ ውሃ ሲቋጥር እኔን እንዳታስታውሱኝ።

8. ኬፕ ታውን ስትደርሱ

አራት ወይም አምስት ቀን ቀድማችሁ ኑ። ከደጋ ስትወርዱ ትንፋሻችሁ ያለልክ ይቀላል። ወጥመዱም እሱ ነው፦ ሳንባ «ምንም አልል» ሲል እግር ይታለላል። ፀሐዩም የአዲስ አበባ ዓይነት አይደለም፤ ኅዳር እዚህ የበጋ መግቢያ ስለሆነ ቀኑ ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

ነፋሱን እወቁት። በዚህ ወቅት ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣ ብርቱ ነፋስ አለ፤ ሰዉ ኬፕ ዶክተር ይለዋል። ከባሕሩ እርጥበት ይዞ ተራራው ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጠፍጣፋውን አናት በነጭ ደመና ይሸፍነዋል። ከታች ሲያዩት የጠረጴዛ ልብስ ይመስላል፣ ስሙም እንደዚያው ነው። ከታች ሆኖ ፎቶ ለማንሳት ያምራል። ውስጡ ስትገቡ ግን አሥር ሜትር አታዩም፣ ልብሳችሁ ይርሳል፣ ታች 25 ዲግሪ የነበረው ቀን ላይ ጥርሳችሁ ይንቀጫቀጫል። ጃኬቱ ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው።

መንገዱን ለማየት ከወጣችሁ ብቻችሁን አትሂዱ። የእግር መንገዶቹ ላይ ዝርፊያ ይከሰታል፤ ቢያንስ አራት ሁናችሁ ውጡ፣ ስልክ በእጅ ይዛችሁ አትሩጡ። «ወጥቼ በገመድ በሚሄደው የኬብል መኪና እወርዳለሁ» ብላችሁም አትተማመኑ፤ ነፋስ ሲበረታ ይዘጋል፣ በእግር ትወርዳላችሁ።

ሰዓት! ይህን በትልቁ ጻፉልኝ። ደቡብ አፍሪካ ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። መነሻውና የጣቢያዎቹ መዝጊያ ሰዓት፣ ማለትም ካለፈ ከውድድር የምትወጡበት፣ ደግሞ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አንድ ወዳጄ 04:00 የሚለውን ማታውን በሙሉ በጣቱ ሲቆጥር አድሮ፣ «ከሌሊቱ አሥር ሰዓት» ብሎ በትክክል አገኘው። የእጅ ሰዓቱ ግን የአዲስ አበባ ነበር። አንድ ሰዓት ቀድሞ ደርሶ ባዶ ሜዳ ላይ በነፋስ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት። እሱ እንኳ ዕድለኛ ነው፤ በተቃራኒው ቢሆን ኖሮስ? ስልክም የእጅ ሰዓትም ደርሳችሁ እንዳረፋችሁ አስተካክሉ፤ የመዝጊያ ሰዓቶቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተርጉማችሁ በወረቀት ጻፉና ቬስታችሁ ላይ ለጥፉ። ስድስት ሰዓት ሩጣችሁ በደከመ ጭንቅላት ሒሳብ አይሠራም።

9. የውድድሩ ቀን

ከመነሻው ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ብሉ፤ የለመዳችሁትን፣ ቅባት የሌለው። መነሻው ላይ ከመሃል ወደ ኋላ ቁሙ።

የመጀመሪያውን ሰዓት እያወራችሁ ሂዱ። ሰው ሁሉ ያልፋችኋል፣ ይለፋችሁ። ብዙዎቹን ቁልቁለቱ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

ጣቢያ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ምን እንደምታደርጉ ወስኑ፦ ውሃ ሙሉ፣ ሁለት ነገር ብሉ፣ አንድ ነገር ያዙ፣ ውጡ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ወንበር አትቀመጡ። ወንበር የያዘውን አይለቅም።

የመንገዱ ምልክት ለጥቂት ደቂቃ ካልታየ ቁሙ። ወደ ፊት ገፍታችሁ ለማግኘት አትሞክሩ፤ የመጨረሻውን ምልክት እስክታዩ በመጣችሁበት ተመለሱ። የፊተኛውን ሯጭ ጀርባ ብቻ እያያችሁ መከተልም አያዋጣም፣ እሱም ሊሳሳት ይችላል። እኔና የተከተልሁት ሯጭ ሁለታችንም ጠፍተን እናውቃለን።

ጫማ ውስጥ ጠጠር ከገባ ወዲያው አውጡ። አንድ ደቂቃ ለማትረፍ ብላችሁ የተዋችሁት ጠጠር ሁለት ሰዓት ያስከፍላል።

10. ካልሆነ፣ በወጉ አቋርጡ

ማቋረጥ ከፈለጋችሁ እስከሚቀጥለው ጣቢያ ሂዱና ለአስተናጋጆቹ ተናገሩ። ዝም ብላችሁ በአቋራጭ ወደ ሆቴል እንዳትሄዱ፤ ቁጥራችሁ ካልተመዘገበ የነፍስ አድን ቡድን በሌሊት ተራራ ላይ ይፈልጋችኋል። መንቀሳቀስ ካልቻላችሁ ጃኬቱን ልበሱ፣ በብርድ ልብሱ ተጠቅለሉ፣ ፊሽካ ንፉ፣ መለያ ቁጥራችሁ ላይ ወዳለው ስልክ ደውሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከሞባይል የሚሠራው የአደጋ ጥሪ 112 ነው።

ማስጠንቀቂያ

- እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን ከሩጫው በፊትም ሆነ እየሮጣችሁ አትውሰዱ። ውሃ ባነሰበት ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳሉ። የሚጠፋው ሕመም ደግሞ «ቁም» ብሎ ሊነግራችሁ የነበረው ነው።
- ውሃ አብዝቶ መጠጣት ሊገድል ይችላል። በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥናል። ጣትና ፊት ማበጥ፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት ከመጣ መጠጣት አቁማችሁ የሕክምና ድንኳን ግቡ።
- ሙቀት ላይ መንገዳገድና መቀባዠር የሙቀት ምት ምልክት ነው። ጓደኛችሁ ላይ ካያችሁ አስቁሙት፣ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ በውሃ አርጥቡት፣ እርዳታ ጥሩ። እሱ «ደህና ነኝ» ይላል፤ አትስሙት።
- የደረት ሕመም ወይም መሳት ካለ ሩጫው እዚያው አበቃ።
- እባብ አለ። ፓፍ አደር የሚባለው መንገድ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ሰው ሲመጣም ቶሎ አይሸሽም። ዐለት ስትይዙ እጃችሁ የሚያርፍበትን እዩ። ከነደፋችሁ አትሩጡ፤ ተቀምጣችሁ እርዳታ ጥሩ። አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አታጥብቁ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት

ልምምዱን ሁሉ ሜዳ ላይ ሠርቶ «ትንፋሽ አለኝ» ማለት። ትንፋሹ ይኖራል፣ ጭኑ አይኖርም።

ዕቃ ለማቅለል የዝናብ ጃኬቱን በስስ መተካት። በመጀመሪያው ዓመት ያደረግሁት ይህን ነው። ደመናው ውስጥ 40 ደቂቃ ቆየሁ፣ ጣቴ ዚፕ መያዝ አቃተው። አንዲት የማላውቃት ሯጭ ናት የዘጋችልኝ።

የጣቢያውን ምግብ ተማምኖ ባዶ መሄድ። በሁለት ጣቢያ መሃል ሁለት ሰዓት ሊያልፍ ይችላል።

የቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ ዳገቱን ለማካካስ መብረር። ጥሩ ስሜት የሚሰማችሁ እዚያ ነው፣ ችግሩም እሱ ነው።

ጥፍር በዋዜማው መቁረጥ። ሦስት አራት ቀን ቀድማችሁ ቁረጡ፣ ቆዳው ይረፍ።

ስትጨርሱስ? አትቀመጡ፣ አሥር ደቂቃ ተራመዱ። እርጥቡን ልብስ ቶሎ ቀይሩ፣ ነፋሱ አሁንም አለ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጨው ያለው ነገር ብሉ። ሽንታችሁ እንደ ኮላ ከጠቆረ ጠብቃችሁ እንዳታድሩ፣ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን እየዘጋ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ የሆቴሉን ደረጃ ስትወርዱ ደግሞ መደገፊያውን ይዛችሁ ፊታችሁን ወደ ላይ አዙራችሁ ውረዱ፤ በዚያ ሳምንት ኬፕ ታውን ውስጥ እንደዚያ የሚወርደው ብዙ ስለሆነ የሚስቅባችሁ የለም።